ትወናን እንጀራ ማድረግ፦ የቀደሙት ሴቶች ታሪክና የልጆቻችን ጥያቄ

ዘመናዊ ቴአትር በሀገራችን ከተጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት እናት፣ ሚስት፣ እኅት ወይም ሙሽራ ሆነው መድረክ ላይ የሚታዩት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ዛሬ ሴት ተዋናይ የሌለችበት ቴአትር፣ ፊልም ወይም የቴሌቪዥን ድራማ ማሰብ ይከብዳል። ይህ ለውጥ እንዲሁ በጊዜ ብዛት የመጣ አይደለም። አንዳንድ ሴቶች ስማቸውን፣ ትዳራቸውንና የቤተሰባቸውን ፍቅር ሳይቀር አስይዘው ያመጡት ነው።

ውድ የማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች፣ ይህን ታሪክ ለዚህ እትም የመረጥነው በምክንያት ነው። እንደምታውቁት ማኅበራችን ለአባላት ልጆች የሙያ ሥልጠና ከተዘዋዋሪ ብድሩ ያበድራል። እስካሁን ብድር የተጠየቅነው ለስፌት፣ ለፀጉር ሥራ፣ ለምግብ ዝግጅት፣ ለሒሳብ መዝገብ አያያዝና ለኮምፒውተር ነበር። ዘንድሮ ግን ለትወና ሥልጠና የሚሆን ብድር የሚጠይቅ ማመልከቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። ኮሚቴው ሊስማማ አልቻለም። ገሚሱ «ሙያ ሙያ ነው፣ ምን ለየው?» አለ። ገሚሱ «ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀምነው ቁጠባ ለዚህ አይሆንም» አለ። አንዲት አንጋፋ አባላችን ደግሞ «የምናበድራት የምትበላበትን ነው ወይስ የምትታይበትን?» ሲሉ ጠየቁ። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤው ተላልፏል። እኛም የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ከእኛ በፊት የወሰኑትን ሴቶች ታሪክ ማየት ይጠቅመናል ብለን ይህን አዘጋጀን።

ሴት የሌለችበት መድረክ

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ተውኔት የሚባለው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜድያ» ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመኳንንቱ ፊት ታየ። በአውሬዎች ተረት አስመስሎ የመንግሥቱን አሠራር ስለነቀፈም ተከለከለ። ቴአትር ገና ከጅምሩ ሰዎች በጥርጣሬ የሚያዩት ሥራ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት ዘመን ቴአትር እንደገና ተነሣ። ያን ጊዜ ተውኔት የሚሠራው በአብዛኛው በትምህርት ቤት ነበር። እንደ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ያሉ መምህራን ተውኔት እየጻፉ በተማሪዎቻቸው ያሠሩ ነበር። ተማሪዎቹ ወንዶች ስለነበሩ የሴት ገጸ ባሕርይ ሲመጣ ቀሚስ የሚለብሰው፣ ነጠላ የሚያጣፋው ወንድ ልጅ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በተውኔት ለሀገሩ መቀስቀስ ነበር ዓላማው። በዚያ ዘመን ሀገርን በእናት መመሰል የተለመደ ነበር። እናት ሀገርን በመድረክ ሊወክል የሚቆመው ግን እናት መሆን የማይችለው ነበር።

ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ ሀገር እስከ 1660 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድረስ የሴቶችን ድርሻ በመድረክ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በጃፓን ደግሞ ካቡኪ የሚባለውን ቴአትር የጀመረችው ሴት ስትሆን፣ በ1629 ሴቶች ከዚያው ከጀመሩት መድረክ በአዋጅ ተከለከሉ።

ለምን ነበር የተከለከለችው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። የእኛ ሀገር ሴት በሰው ፊት መዝፈንም፣ ማስለቀስም፣ ማሣቅም ነውር ሆኖባት አያውቅም። በሠርግ ቤት ዘፈን የምታወጣው፣ እስክስታ የምትመታው እርሷ ናት። በለቅሶ ቤት ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ጠባይ በግጥም ቀርጻ ወንዱን ሁሉ ታስለቅሳለች። ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ወሎ ላይ በሻደይ፣ ትግራይ ላይ በአሸንዳ ልጃገረዶች አደባባዩን ይሞሉታል። ይህን የሚነቅፍ ሰው የለም።

ነውሩ የመጣው ያው ሥራ እንጀራዋ ሲሆን ነው። ለሠርግ የዘፈነች «ባለ ሙያ» ትባላለች፤ በዘፈኗ ኑሮዋን የምትገፋ ግን «አዝማሪ» ተብላ ትጠራለች። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ቆይቷል። ለሴት ደግሞ ከዚያም የባሰ ትርጉም ይሰጡት ነበር፤ በማታ የምትሠራ፣ ዘመዶቿ ካልሆኑ ወንዶች ጋር የምትውል፣ የከፈለ ሁሉ ሊያያት የሚችል ሴት ማለት ነበር። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» በሚባልበት ሀገር እንዲህ ያለች ሴት የት ትመደብ?

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ለማኅበራችን አባላት እንግዳ አይደለም። በሀገራችን በእጁ ሠርቶ የሚኖር ሰው ስም ሲወጣለት ኖሯል። ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም የስድብ ስም ነበራቸው። የቀጨኔ እናቶች የሠሩት ጀበናና ድስት በየቤቱ ተወድዶ ሲቀመጥ ሠሪዎቹ ግን ይናቁ ነበር። ጉልት የተቀመጠችው፣ ጠላ የጠመቀችው፣ እንጀራ ጋግራ የሸጠችውስ ስንት ተብላለች? ዛሬ በኩራት የምንናገርላቸው ሥራዎቻችን ትናንት አንገት የሚያስደፉ ነበሩ። ስለዚህ «ስሙ አያምርም» የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ ያ ክርክር ማንን ሲጎዳ እንደ ኖረ ልናስታውስ ይገባናል።

በሁለት በር የገቡት

ከነጻነት በኋላ፣ ማለትም ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሴቶች ወደ መድረክ የመጡት በሁለት በር ነው ማለት ይቻላል።

አንደኛው በር ትምህርት ቤት ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በወረራው ዘመን ጠላትን በመቃወማቸው ተይዘው በጣሊያን አዚናራ ደሴት የታሰሩ ሴት ናቸው። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትን መሩ፤ ለተማሪዎቻቸውም ተውኔት ይጽፉ ነበር። «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው ሥራቸው ግጥምና ተውኔት የያዘ ነው። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የሴቶች ትምህርት ቤት ስለነበር እዚያ መድረክ ላይ የሚወጡት ሴቶች ልጆች ነበሩ። ወላጆችም አልተቃወሙም፤ ምክንያቱም የሚታየው በትምህርት ቤት በዓል ነው፣ ልጅቷም አትከፈልበትም። ልጅቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ በሰው ፊት መናገርን ተምራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ሁለተኛው በር ከዚህ ይከብዳል። ሀገር ፍቅርና የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ቡድን ለዘፈን፣ ለውዝዋዜና ለተውኔት ሴቶች ያስፈልጓቸው ነበር። «ልጄን አልሰጥም» የማይል ቤተሰብ ግን አልተገኘም። ስለዚህ በዚህ በር የገቡት ብዙዎቹ ከልካይ ቤተሰብ ያልነበራቸው፣ ወይም ቤተሰባቸውን ትተው የመጡ፣ ወይም በጠጅ ቤት ሲዘፍኑ የቆዩ ሴቶች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያት መካከል ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና አስናቀች ወርቁ ስማቸው ይነሣል። አስናቀች በማዘጋጃ ቤቱ ጀምረው፣ በኋላ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ለረጅም ዘመን የተወኑ፣ የዘፈኑና ክራር የደረደሩ ነበሩ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ሀገር አለቀሰላቸው። ሲጀምሩ ግን እንዲህ የሚቆምላቸው ሀገር አልነበረም።

ሁለቱን በሮች ስናስተያይ አንድ ነገር ይገባናል። በትምህርት ቤቱ በር የገቡት ልጆች ክብራቸው ተጠብቆላቸዋል፤ ሙያው ግን አልሆነላቸውም። በሁለተኛው በር የገቡት ሙያውን አግኝተዋል፤ ክብሩ ግን ወዲያው አልመጣላቸውም። ለሚቀጥለው ትውልድ ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣው ምን ነበር?

ደመወዝ ያመጣው ለውጥ

በኅዳር 1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ሕንፃው ያማረ፣ እንግዳው የተከበረ ነበር። ለእኛ ታሪክ ግን ከሕንፃው የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ፤ ተዋንያን በመደበኛ ቴአትር ቤት የወር ደመወዝተኛ መሆናቸው ነው።

የወር ደመወዝ ለአንዲት ሴት ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። የቤት ኪራይ መክፈል፣ እቁብ መግባት፣ የእድር መዋጮ ማድረስ፣ ልጅ ማስተማር ማለት ነው። በዱቤ የሚሰጣት ባለ ሱቅ ያከብራታል። እድርተኛ የሆነች ሴት ደግሞ ሲቸግራት ድንኳን የሚተክልላት ጎረቤት አላት። የሰፈሩ ሰው «አዝማሪ» ማለቱን ትቶ «ቴአትር ቤት ነው የምትሠራው» ማለት የጀመረው በአንድ ቀን አይደለም፤ ግን ደመወዝ ወጥቶ፣ ኪራይ ተከፍሎ፣ ልጅ ተምሮ ከታየ በኋላ ነው።

ሥራው ቀላል እንዳልነበረም እንወቅ። በዚያ ዘመን የቴአትር ቤት ሴት አንዱን ብቻ አትሠራም ነበር። ትዘፍናለች፣ ትወዛወዛለች፣ ትተውናለች። ቀን ልምምድ፣ ማታና እሑድ ትርኢት ነው። እንግዳ ለመቀበልም ሆነ ለለቅሶ፣ ሰው ሁሉ ነጻ በሚሆንበት ሰዓት እርሷ ሥራ ላይ ናት። ትዳር የፈረሰባቸውም፣ ትዳር ለማቆየት መድረኩን የተዉም ነበሩ።

ሴቶች በመድረክ መኖራቸው ደግሞ ጽሑፉን ራሱን ለወጠው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት» እና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ ሲያመጡ፣ እነዚያን የሴት ገጸ ባሕርያት በወንድ ልጅ ማሠራት የቀረበት ዘመን ነበር። በ1957 ዓ.ም. የታየው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ስሙን ያገኘው ከሴት ነው። ሴት ተዋናይ ስትኖር ደራሲው ስለ ሴት ሕይወት ለመጻፍ ይደፍራል ማለት ነው።

የቀበሌ ኪነትና የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው የቀበሌ ኪነት ነው። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፋነው እናስታውሰዋለን፤ አንዳንዶቻችንም ገብተንበት ነበር። ግማሹ በፍላጎት፣ ግማሹ ስብሰባ ላይ ስሙ ተጠርቶ። የሚሠራው የመንግሥትን ፖለቲካ የሚያወድስ ነበር። ይሁን እንጂ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጃገረዶች፣ አባቶቻቸው «አይሆንም» ለማለት በማይደፍሩበት ዘመን መድረክን አወቁ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ታላላቅ ባለሙያዎች ሆነዋል፤ አብዛኞቹ ግን ቡድኑ ሲበተን ያለ ሙያና ያለ ሥራ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ይህንንም ልብ እንበል፤ መድረክ ላይ መታየት ብቻውን ሙያ አይሆንም።

ሁለተኛው ትምህርት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ከፈተ። ለወላጆች ይህ ትልቅ ነገር ነበር። «ቴአትር ልግባ» ሲባል ፊቱን የሚያዞር አባት «ዩኒቨርሲቲ ልግባ» ሲባል ይመርቃል። ልጅቷም ከትወናው በተጨማሪ መጻፍን፣ ማዘጋጀትን፣ ማስተማርንና ቴአትር ቤት ማስተዳደርን ተምራ ስለምትወጣ፣ እንጀራዋ በአንድ ምሰሶ ብቻ አይቆምም።

ይህ ብዙ ምሰሶ ምን እንደሚሠራ ለማየት የዓለምፀሐይ ወዳጆን መንገድ ማየት ይበቃል። ተዋናይት ናቸው፣ ገጣሚና የዘፈን ግጥም ደራሲ ናቸው፣ ተውኔት ጸሐፊና አዘጋጅ ናቸው፣ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትርንም መርተዋል። ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ እዚያ የሚያውቃቸው የመንግሥት ቴአትር ቤት አልነበረም። ይሁንና በዋሽንግተን አካባቢ ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን መሠረቱ፤ በስደት ያሉ ወገኖቻችንም በቋንቋቸው ተውኔትና ግጥም የሚያዩበት ቤት ሆነ። በውጭ ሀገር የምትኖሩ ደጋፊዎቻችን አንዳንዶቻችሁ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

ከደመወዝ ወደ ውል

ዛሬ ያለው ሁኔታ ግን ከ1948ቱም ከ1970ዎቹም ይለያል። በመንግሥት ቴአትር ቤቶች፣ ማለትም በብሔራዊ፣ በሀገር ፍቅር፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በራስ እና በሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር የሚቀጠረው ሰው ጥቂት ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በቪዲዮ የሚቀረጹ ፊልሞች፣ ከዚያም የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች በዝተው ለብዙ ወጣቶች ሥራ ፈጠሩ። ይህ ሥራ ግን የወር ደመወዝ ሳይሆን የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ገንዘቡ ያልቃል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሲመጣ የሀገር ውስጥ ተዋንያን «እንጀራችን ሊነጠቅ ነው» ብለው ሰጉ። በሌላ በኩል ደግሞ የድምፅ ትወና የሚባል አዲስ የሥራ መስክ ተከፈተ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሕዝብ መሰብሰቢያዎች ሲዘጉ ቴአትር ቤቶችም ዝም አሉ፤ ሌላ ገቢ ያልነበራቸው ምን ያህል እንደተቸገሩ መገመት አይከብድም።

ስለዚህ የዛሬዋን ልጅ የሚጠብቃት ውል ነው። አያቶቿ ያልነበራቸው ሕጎችም አሏት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ትርኢት የሚያቀርብ ሰው ሥራው ያለ ፈቃዱ እንዳይቀዳና እንዳይባዛ መብት ይሰጠዋል። የግል ድርጅት ሠራተኞችም ጡረታ እንዲኖራቸው በአዋጅ ተደርጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶችንም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይቻልም ይላል። ነገር ግን ሕጉ የሚረዳው ወረቀት የያዘን ነው። በቃል ብቻ ተስማምታ የሠራች ልጅ ሠራተኛ መሆኗን እንኳ ማስረዳት ሊቸግራት ይችላል።

ልጅቷም እናቷም የሚመልሷቸው ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የተረዳነው አንድ ነገር ነው። ክብር መጥቶ እንጀራ አልተከተለም፤ እንጀራው ሲደላደል ነው ክብሩ የመጣው። እንጀራው የተደላደለው ደግሞ በደመወዝ፣ በትምህርትና በወረቀት ነው። ስለዚህ «ትወና ለሴት ልጅ ይገባል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የቀደሙት ሴቶች መልሰውልናል፤ እንደገና ልጆቻችንን የምንጠይቅበት ምክንያት የለም። የቀረው ከአንጋፋዋ አባላችን የሰማነው ጥያቄ ነው፤ የምትበላበት ነው ወይ? ይህንን ለመመለስ ልጅቷና እናቷ አብረው ተቀምጠው እነዚህን እንዲነጋገሩ እንመክራለን።

አንደኛ፣ የምትወደው ሥራውን ነው ወይስ መታወቁን? ይህን የሚለየው ልምምድ ነው። በሰፈር፣ በትምህርት ቤት ወይም በወጣት ማዕከል ካለ የቴአትር ቡድን ጋር ስድስት ወር ያህል ያለ ክፍያ ትሥራ። አንዱን ቃል ሃያ ጊዜ መድገም፣ የሰው ተራ መጠበቅ፣ ትንሽ ድርሻ ተሰጥቷት በሰዓቷ መገኘት ካልሰለቻት ሥራውን ትወደዋለች ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከትወናው ጎን ምን ታውቃለች? ልብስ መስፋት፣ ሜካፕ፣ ፀጉር ሥራ፣ ቪዲዮ ማቀናበር፣ ጽሑፍ መጻፍ፣ ማስተማር ሁሉም በዚያው ቤት የሚፈለጉ ሥራዎች ናቸው። ቀረጻ በሌለበት ወር የሚያበላት ይህ ነው። ይህ ሁለተኛ ሙያ ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ የማይሆን ውል ሲመጣ «አይ» የምትልበት ጉልበት ነው።

ሦስተኛ፣ የሚያሠለጥናት ማን ነው? ተቋሙ ፈቃድ አለው ወይ? አሠልጣኞቹ የት ሠርተዋል? ቀድመው የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው? እናት ሄዳ ትየው፣ ሁለት ምሩቅም ታነጋግር።

አራተኛ፣ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት ይጠራታል? ኦዲሽን ብሎ በማታ ሆቴል የሚቀጥር፣ ለምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ብቻዋን እንድትመጣ የሚያዝ ሰው ሥራ የለውም። ከልጆቻችን መካከል እንዲህ ያለ ሰው የደወለላቸው አሉ። ልጅቷ ሁልጊዜ ሰው ይዛ ትሂድ፤ ይህን የሚከለክል ሰው መልሱን ራሱ ሰጥቷል። በኋላ ከመጸጸት ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ነው።

አምስተኛ፣ ውሉ ተጽፏል ወይ? የሥራው ዓይነት፣ የቀናቱ ብዛት፣ ክፍያው መቼና በስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ትራንስፖርትና ምግብ የማን እንደሆነ፣ ማታ ወደ ቤት የሚያደርሳት ማን እንደሆነ፣ ምስሏ ሌላ ቦታ ቢታይ ምን እንደሚደረግ በወረቀት ይስፈር። ከመፈረሟ በፊት አንድ ቀን ወደ ቤት ይዛው ትምጣ።

ስድስተኛ፣ እስከ መቼ? ሁለት ዓመት ይሁን ሦስት፣ ቤተሰቡ የሚታገሥበት ጊዜ ይወሰን። ጊዜው ሲደርስ ሥራው ስንት ወር እንዳበላት ይቆጠር። ያኔ የሚወሰነው በቁጣ ወይም በኀፍረት ሳይሆን በሒሳብ ይሆናል።

ማኅበሩ ምን ያድርግ?

የእኛ የአዘጋጆቹ አስተያየት የሚከተለው ነው። የትወና ሥልጠና ብድር እንደ ማንኛውም የሙያ ሥልጠና ይታይ። ዋስ የሚጠየቅ ከሆነ ይጠየቅ፣ የመመለሻ ጊዜውም ያው ይሁን፤ «ስሙ አያምርም» ተብሎ ግን አይከልከል። ገቢው ወጥነት ስለሌለው ሁለት ነገር ይጨመር። አመልካቿ ሁለተኛ ሙያ ያላት ወይም አብራ የምትማር ትሁን፤ ብድሩም ከዚያ ሙያ ሊመለስ እንደሚችል ታሳይ። ይህን የምንለው ልጅቷን ስለተጠራጠርናት አይደለም። የምናበድረው ገንዘብ የሌላ እናት እንጀራ ስለሆነና ልጅቷም በዕዳ ተይዛ የማትፈልገውን ሥራ እንድትቀበል ስለማንፈልግ ነው።

ከገንዘቡ ሌላ ማኅበሩ ሊሰጥ የሚችለው፣ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ፈጽሞ ያላገኙት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሰው ነው። እነዚያ ሴቶች ውላቸውን የሚያነብላቸው፣ ማታ የሚጠብቃቸው፣ ሰው ሲሰድባቸው ከጎናቸው የሚቆም ማኅበር አልነበራቸውም። እኛ አለን። ከአባሎቻችን መካከል ውል ማንበብ የምትችል፣ ለኦዲሽን አብራ የምትሄድ፣ በመጀመሪያው ቀን አዳራሽ ገብታ የምታጨበጭብ አትጠፋም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለቁጠባ ብቻ አይደለም።

ማመልከቻውን የላከችው ልጅ ብድሩን ብታገኝም ባታገኝም አንድ ነገር እንድታውቅልን እንወዳለን። ጉባኤው የሚነጋገረው ስለ ገንዘቡ ነው፤ ስለ ክብሯ አይደለም።

በቀበሌ ኪነት፣ በትምህርት ቤት ተውኔት ወይም በቴአትር ቤት የሠራችሁ፣ ወይም ልትገቡ ፈልጋችሁ የተከለከላችሁ አባላት ትዝታችሁን ጽፋችሁ፣ መጻፍ ካልተመቻችሁም ነግራችሁን በሚቀጥለው እትም እንድናወጣው እንጠይቃለን። ይህ ታሪክ በመጽሐፍ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የቀረው በእናንተ ዘንድ ነው። በጉባኤው ቀን በሰላም ያገናኘን።